ስልሳ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ለማስገጣጠም፦ ዕቃው ከየት፣ ሥራው በማን?

እርጥበት ለኪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የማከማቻ ክፍሎችን ሙቀትና እርጥበት በየአሥር ደቂቃው እየለካ የሚመዘግብ፣ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ መሣሪያ ነድፌ አሥሩን በእጄ በይጄ ለሙከራ ከሰጠሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ስለተገኘ አሁን ስልሳ እንዳዘጋጅ ተጠይቄአለሁ። ቦርዱ ባለ ሁለት ንብርብር ሲሆን መጠኑ 70 በ45 ሚሊሜትር ነው። በላዩ 96 ኮምፖነንቶች (የሚበየዱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች) ይቀመጣሉ፤ በዓይነት ሲቆጠሩ ግን 41 ናቸው። ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ በአብዛኛው 0603 የሚባለው መጠን፣ ማለትም 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር ናቸው። ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያዘው ቺፕ፣ 48 እግር ያለው ኤስቲኤም32ኤፍ103 ነው። የእርጥበት መለኪያው ቺፕ እግሮቹ ከሆዱ ሥር ስለተደበቁ በተራ መበየጃ አይደረስባቸውም፤ አሥሩንም የገጠምኳቸው በሙቅ አየር እየታገልኩ ነው።

ያስቸገረኝ የቁጥሩ መካከለኛነት ነው። ስልሳ ቦርድ በእጅ ለሚበይድ ሰው ይበዛል፣ ለገጣጣሚ ድርጅት ደግሞ ያንሳል። ከሦስት ገጣጣሚዎች ዋጋ ጠይቄ ነበር። ሦስቱም የላኩልኝን ስመለከት ባዶው ቦርድ ከጠቅላላው ትንሹን ድርሻ ይዟል፤ ለዝግጅትና ለማሽን ማስተካከያ የተጠየቀው ክፍያ ግን ከራሳቸው ከኮምፖነንቶቹ ዋጋ በልጦ ተገኝቷል። ነገሩን ለማጣራት ስል ቁጥሩን ወደ መቶ ሃያ ከፍ አድርጌ ለአንዱ መልሼ ብጠይቅ ጠቅላላ ዋጋው ከሩብ ያልበለጠ ጭማሪ ብቻ አሳየ። ይህ እንዴት እንደሚሆን በትክክል አልገባኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ዕቃው ነው። ባለፈው ዙር ማይክሮኮንትሮለሩን ከታወቁት አከፋፋዮች ስላጣሁት ከማላውቀው ሻጭ አሥራ አምስት ገዛሁ። በላያቸው ላይ የተጻፈው ስምና ምልክት ከእውነተኛው ጋር አንድ ነበር። ፕሮግራም ልጭን ከኮምፒውተሬ ጋር ሳገናኛቸው ግን ከአሥራ አምስቱ አራቱ የሚሰጡት መለያ ቁጥር በ1 መጀመር ሲገባው በ2 ጀመረ፤ የመጫኛው ሶፍትዌር ኦፕንኦሲዲም ያልተጠበቀ ቁጥር ነው ብሎ አቆመ። ከአራቱ ሁለቱ ማስጠንቀቂያውን አልፌ ብጭንባቸው ሠርተዋል፤ ሁለቱ ግን ከእንቅልፍ ሁኔታ በትክክል ስለማይነቁ ባትሪውን በጥቂት ቀናት ጨረሱት። በአሥራ አምስት ላይ ይህን ፈትሾ መለየት ይቻላል፤ በማሽን ከተበየደ በኋላ በስልሳ ቦርድ ላይ ቢገኝ ግን ኪሳራው ከባድ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ እንድትመክሩኝ የምጠይቀው ይህን ነው። ዕቃውን ገጣጣሚው ራሱ ቢገዛው ይሻላል ወይስ እኔ ገዝቼ ልላክለት? የዝግጅት ክፍያውን ለመቀነስ በእኔ በኩል ላደርገው የምችለው ነገር አለ? ወይስ ስቴንስል (ብየዳው የሚቀባበት ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት) አሠርቼ ሁሉንም ቤቴ ብገጥመው ያዋጣል?


መስመር ላይ የኖረ፦

ዋጋው ያስደነገጠዎት ለምን እንደሚከፍሉ ማንም ስላላስረዳዎት ይመስለኛል። በመገጣጠሚያ መስመር ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁና የሥራው ቀን እንዴት እንደሚያልፍ ልንገርዎት። 96 ኮምፖነንት በስልሳ ቦርድ ሲባዛ 5,760 ይሆናል። አነስተኛ የሚባለው ማሽን እንኳ በሰዓት በሺዎች የሚቆጠር ኮምፖነንት ስለሚያስቀምጥ ይህ ሥራ ግማሽ ቀን አይሞላም። ጊዜውን የሚበላው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ከ41ዱ ዓይነቶች እያንዳንዱ በማሽኑ ላይ የራሱ መጋቢ (ዕቃውን ተራ በተራ የሚያቀርብ ክፍል) ያስፈልገዋል፤ ሠራተኛው ጥቅልሉን ፈልጎ ያወጣል፣ በላዩ ያለውን ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፣ ኮምፖነንቶቹን የሸፈነውን ስስ ላስቲክ ጫፉን ልጦ መጋቢው ላይ ያስራል፣ ማሽኑም የመጀመሪያዋን አንስቶ በካሜራው እስኪያውቃት ይጠብቃል። ሥራው ሲያበቃ ይህ ሁሉ ተመልሶ ይፈታል። ቦርዱ ስድስትም ይሁን ስድስት መቶ ይህ ድካም ያው ነው። ቁጥሩን እጥፍ ሲያደርጉት ዋጋው በጥቂቱ ብቻ የጨመረው ለዚህ ነው፤ በአነስተኛ ቁጥር ዋጋውን የሚወስነው የዓይነት ብዛት ነው።

ስለሆነም ዋጋ ለማስቀነስ ከገጣጣሚው ጋር ከመከራከርዎ በፊት ወደ ሰርኪዩት ሥዕልዎ ይመለሱ። ያልተገራ ዲዛይን ሁሉ የሚመሳሰልበት አንድ ነገር አለ፤ ነዳፊው እያንዳንዱን ሬዚስተር ለየብቻው አስልቶ የደረሰበትን ዋጋ ያስቀምጣል። ለኤልኢዲ (ለትንሿ አመልካች መብራት) 330 ኦም፣ ለሌላው ኤልኢዲ 470፣ ለአንድ መስመር 4.7 ኪሎኦም፣ ለሌላው 5.1፣ ለሌላው 10 ይላል። ኤልኢዲዎቹ ሁሉ በ1 ኪሎኦም በበቂ ሁኔታ ይበራሉ፤ ባትሪዎንም ይቆጥብልዎታል። የመገናኛ መስመሮቹን ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ አዎንታዊው ቮልቴጅ፣ የሚስቡት ሬዚስተሮች ደግሞ ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ መስመሩም አጭር እስከሆነ ድረስ በአብዛኛው 10 ኪሎኦም ቢሆኑ ግድ የለም። በእርግጥ 5 የሚያስፈልግበት ቦታ ካለ ሁለት ባለ 10 ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ 20 ካስፈለገም ሁለቱን በተከታታይ ያድርጓቸው። በቦርዱ ላይ አንድ ተጨማሪ ሬዚስተር ማስቀመጥ ለማሽኑ ከሰከንድ የማይበልጥ ሥራ ነው፤ አንድ ተጨማሪ ዓይነት መጫን ግን የሠራተኛ ደቂቃዎችና የክፍያ ሰነዱ ላይ አንድ መስመር ነው። ካፓሲተሮችንም በዚሁ ዓይን ይመልከቱ። 0.1፣ 1 እና 10 ማይክሮፋራድ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ።

የማይነኩም አሉ። የክሪስታሉን ካፓሲተሮች፣ የባትሪውን ቮልቴጅ የሚለካውን ከፋፋይ፣ ትክክለኛነት የሚጠይቁ ሬዚስተሮችን ዓይነት ለመቀነስ ሲባል አይለውጧቸው፤ መሣሪያው የሚታመነው በእነርሱ ነው።

የገጣጣሚውንም መጋዘን አስቀድመው ይወቁ። ለምሳሌ ጄኤልሲፒሲቢ የተባለው ገጣጣሚ ዕቃዎቹን መሠረታዊና ተጨማሪ ብሎ ይከፍላቸዋል። መሠረታዊዎቹ ከማሽኑ ላይ ስለማይወርዱ በአብዛኛው የመጫኛ ክፍያ አይጠየቅባቸውም፤ ተጨማሪ ከሚባሉት ግን በእያንዳንዱ ዓይነት ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ገጣጣሚ ከመረጡ ሥዕሉን መሠረታዊ ከሆኑት ዕቃዎች ተነስቶ መንደፍ እንጂ ነድፎ ጨርሶ መፈለግ አይጠቅምም።

ሌላው ኮምፖነንቶቹን ሁሉ በቦርዱ አንድ ገጽ ላይ ማድረግ ነው። ከኋላ በኩል ሁለት ካፓሲተር ብቻ ቢኖርዎት እንኳ ሁለተኛ ስቴንስል፣ ሁለተኛ ዝግጅት፣ ብየዳው በሚቀልጥበት ምድጃ ውስጥ ሁለተኛ ጉዞ ይመጣል። ቦርዶቹንም በአንድ ሰሌዳ ላይ አሥር አሥር አድርገው ያስይዟቸው፤ ግራና ቀኙ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠርዝ ይኑረው፤ በጠርዙም ላይ የማሽኑ ካሜራ የሚመራባቸው 1 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ክብ የመዳብ ነጥቦች ይቀመጡ።

ስለ ሰነዱ አንድ ነገር ልጨምር፤ በመስመሩ ላይ ከሁሉ ይልቅ ሥራ ሲያስቆም ያየሁት ይህ ነውና። ገጣጣሚው የሚፈልገው የገርበር ፋይሎቹን (የቦርዱን የንብርብር ሥዕሎች)፣ የዕቃ ዝርዝሩንና የእያንዳንዱን ኮምፖነንት ቦታና አዙሪት የሚያሳየውን ፋይል ነው። አዙሪቱ ላይ ችግር ይመጣል። ኪካድ በተባለው የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዜሮ ዲግሪ የተባለው አቀማመጥ በጥቅልሉ ውስጥ ካለው አቀማመጥ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ አንድ ቺፕ 90 ዲግሪ፣ አንድ ዳዮድ 180 ዲግሪ ዞሮ ይመጣል። ከፋይሎቹ ጋር የቺፖች የመጀመሪያ እግሮችና የዳዮድ ካቶዶች (አሉታዊ ጫፎች) በቀይ የተከበቡበት አንድ ሥዕል አብረው ይላኩ። በኤልኢዲ ላይ በተለይ ምልክት ብቻ አይመኑ፤ አንዱ አምራች በነጥብ ካቶዱን ሲያመለክት ሌላው በሌላ ቅርጽ ያመለክታልና የዳታሺቱን (የአምራቹን የዕቃ መግለጫ) ሥዕል ቆርጠው ያያይዙ።


ወረንጦና ስቴንስል፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በራስ እጅ የመገጣጠሙ መንገድ ቶሎ እንዳይጣል እፈልጋለሁ። እኔ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከሃያ እስከ አርባ ቦርድ በስቴንስልና በማሞቂያ ሳህን እገጥማለሁ። መበየጃ ይዞ እግር እየቆጠሩ ከመበየድ ጋር ጨርሶ የሚወዳደር አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባዶውን ቦርድ ሲያዝዙ ከ0.1 እስከ 0.12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ስቴንስል አብረው ያዝዛሉ። ቦርዱን ዙሪያውን በሌሎች ባዶ ቦርዶች አጥረው እንዳይንቀሳቀስ ያደርጉታል፤ ስቴንስሉን ቀዳዳዎቹ ከፓዶቹ (እግሮቹ ከሚበየዱባቸው የመዳብ ቦታዎች) ጋር እስኪገጥሙ ያስተካክሉና የብየዳ ለጥፉን፣ ማለትም ሊጥ መሰሉን የብየዳ ብረት፣ በሰፊ ስለት በአንድ ጉዞ ይጎትቱታል። ለጥፉ በማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ክዳኑን መክፈት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ የአየሩ እርጥበት በላዩ ጤዛ ይሆንና ሲሞቅ እየፈነዳ በየቦታው ትንንሽ የቆርቆሮ ኳሶች ይበትናል። ሳይከፈት ለጥቂት ሰዓታት በክፍሉ ሙቀት መቆየት አለበት።

ስለ ለጥፉ ዓይነት የሚኖርዎት ምርጫ በሙቀት ይለያል። ቆርቆሮና ቢስሙት ያለበት በ138 ዲግሪ ይቀልጣል፤ 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው የቀድሞው በ183፤ ኤስኤሲ305 የሚባለው እርሳስ የሌለበት ደግሞ በ217 አካባቢ ይጀምራል። ለማሞቂያ ሳህን ቢስሙቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሲመታ ተሰባሪ ስለሆነ ገመድ የሚሰካባቸውንና የሚወጣባቸውን ማገናኛዎች በእርሱ አልበይድም። ሳህኑ ሲሞቅ መጀመሪያ ግራጫው ለጥፍ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ከአንድ ጥግ ጀምሮ ድንገት እንደ መስተዋት ያበራል፤ በዚያች ቅጽበት ጠማማ የተቀመጠው ሬዚስተር በራሱ ተስቦ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያያሉ። የቀለጠው ብረት ነው የሚስበው። ከሆዱ ሥር እግር ያለው ቺፕም እንዲሁ ራሱን ያስተካክላል፤ በመሃሉ ያለው ትልቅ ፓድ ላይ ግን ለጥፉ ሙሉ ከሆነ ቺፑ ይንሳፈፋልና የስቴንስሉን ቀዳዳ በትንንሽ መስኮቶች ከፋፍለው ከፓዱ ስፋት ወደ ስድሳ በመቶ ያውርዱት።

የጊዜውን ስሌት ሳልደብቅ ላስቀምጥ። እንደ እርስዎ ያለ ቦርድ በወረንጦ ለመሙላት እኔ አርባ ደቂቃ ያህል ይወስድብኛል። ስልሳ ቦርድ አርባ ሰዓት ነው ማለት ነው፤ ፍተሻና ጥገና ሳይጨመር። ቦርድ በቦርድ ከመሄድ ይልቅ አሥሩን አንድ ላይ ዘርግተው አንዱን የሬዚስተር ዓይነት በአሥሩም ላይ አስቀምጠው ወደ ሚቀጥለው ቢያልፉ ጊዜውም ያጥራል፣ ስሕተቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ የዓይነቶቹን ቁጥር መቀነስ በእጅ ለሚገጥም ሰውም ይጠቅማል።

ለእርስዎ ሥራ ብቻ የሚሆን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ማንም ይግጠመው አይርሱት። የእርጥበት መለኪያ ቺፕ መስኮቱ ክፍት ነው። ከብየዳ በኋላ ቦርዱ በፈሳሽ ከታጠበ ወይም መከላከያ ቅባት ከተረጨበት ንባቡ ይበላሻል። ስለዚህ መታጠብ የማያስፈልገው ለጥፍ እንዲጠቀሙ፣ ቦርዱም እንዳይታጠብ በጽሑፍ ይዘዙ። ከምድጃ እንደወጣም ንባቡ ለጊዜው የተዛባ ይሆናል፤ በውስጡ ያለው ፖሊመር በሙቀቱ ደርቆ እርጥበት እስኪመልስ ድረስ ነው። በዚያው ቀን ፈትሸው ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት፤ በዳታሺቱ ላይ አምራቹ ያዘዘውን የመቆያ ጊዜ ያክብሩ።


ዕቃ ገዢ፦

የእኔ ሥራ ኮምፖነንት መግዛት ስለሆነ የምናገረው ስለ ዕቃው ብቻ ይሆናል።

በእርስዎ ላይ የደረሰው አዲስ ነገር አይደለም። ተወዳጅ የሆነ ቺፕ ሁሉ ይኮረጃል። ኤፍቲዲአይ የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ አካባቢ በዊንዶውስ በኩል ባሠራጨው የዩኤስቢ ማዛመጃ ቺፖቹ ሶፍትዌር ሐሰተኞቹ መለያ ቁጥራቸው ተቀይሮ ከጥቅም ውጭ ሆነው ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰዎች በመሣሪያቸው ውስጥ ያለው እውነተኛ አለመሆኑን ያወቁት ሥራ ሲያቆም ነው። ከኤስቲኤም32ኤፍ103 ጋር በእግር አቀማመጥ የሚመሳሰሉ ቺፖችን በገዛ ስማቸው የሚሸጡ አምራቾች አሉ፤ ጂዲ32ኤፍ103 ለምሳሌ በራሱ ስም ሲሸጥ ሕጋዊ ዕቃ ነው። ወንጀል የሚሆነው የአንዱ ስም ተፍቆ የሌላው ሲጻፍበት ነው። ስለዚህ ቺፕ የሚገዛው አምራቹ ከፈቀደላቸው አከፋፋዮች ነው፤ ዲጂኪ፣ ማውዘር፣ ፋርኔልና አሮው ከታወቁት መካከል ናቸው፤ ኤልሲኤስሲም ከገጣጣሚው ከጄኤልሲፒሲቢ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዚያ ለሚያስገጥም ሰው ይመቻል። ኦክቶፓርት በተባለው የዕቃ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ የዕቃውን ቁጥር ቢጽፉ ማን ጋር ስንት እንዳለ በአንድ ገጽ ያዩታል። ከእነዚህ ሁሉ ከጠፋ የሚሻለው ከማይታወቅ ሻጭ መግዛት ሳይሆን ዲዛይኑን በሌላ ቺፕ ማስተካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የካፓሲተር፣ ከ2020 እስከ 2022 ደግሞ የቺፕ እጥረት በነበረበት ጊዜ ሥራቸው ያልቆመው ለዋና ዋና ዕቃዎቻቸው ሁለተኛ አማራጭ አስቀድመው ያዘጋጁት ነበሩ።

አማራጭ ሲባል ግን ቁጥሩ ስለተመሳሰለ ብቻ አይደለም። ከእርስዎ መሣሪያ ጋር የሚቀራረብ ምሳሌ ልስጥ። በባትሪ ለሚሠራ ነገር ብዙ ሰው የሚመርጠው ኤችቲ7333 የተባለውን 3.3 ቮልት ሰጪ ነው፤ ለራሱ የሚወስደው ጥቂት ማይክሮአምፒር ነው። በሥራ የታወቀው ኤኤምኤስ1117ም በዚያው ኤስኦቲ89 በተባለ ፓኬጅ (የቺፕ ቅርፊት) ይመጣል፤ እርሱም 3.3 ቮልት ይሰጣል። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ነገር ግን በመጀመሪያው የመካከለኛው እግር መግቢያ ሲሆን በሁለተኛው መውጫ ነው። ገጣጣሚው ኤችቲ7333 አጥቶ በቅን ልቦና ቢተካው በስልሳውም ቦርድ ላይ መግቢያና መውጫው ይገለበጣል፤ እግሩ ቢስተካከል እንኳ 1117 ለራሱ ብቻ 5 ሚሊአምፒር ገደማ ስለሚወስድ ባትሪዎ ወራት መቆየቱ ቀርቶ ቀናት ይሆናል። ካፓሲተርም እንዲሁ ነው። 10 ማይክሮፋራድ ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ሴራሚክ ካፓሲተር ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲጫንበት ከግማሽ በላይ አቅሙን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ በ16 ቮልቱ ፋንታ ባለ 6.3 ቮልት ቢገባ በዝርዝሩ ላይ ያው 10 ነው፣ በቦርዱ ላይ ግን ያው አይደለም።

ከዚህ የተነሣ እኔ በዕቃ ዝርዝሬ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓምድ እጨምራለሁ። ለተራ ሬዚስተር መጠኑንና ትክክለኛነቱን ጽፌ ማንኛውም አምራች ይሆናል እላለሁ፤ ለቮልቴጅ ሰጪው፣ ለመለኪያውና ለማይክሮኮንትሮለሩ የአምራቹን ሙሉ ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል ጽፌ ያለ እኔ ፈቃድ አይተካም እላለሁ። የመጨረሻዎቹ ፊደላት ፓኬጁንና ማሸጊያውን ስለሚለዩ ቀላል አይምሰሉ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ተራ ተራውን ገጣጣሚው ከመጋዘኑ ያስገባ፤ እውነተኛነታቸው የሚያሳስብዎትን ሦስት አራት ቺፖች ግን ራስዎ ከአከፋፋይ ገዝተው ይላኩ። ሲገዙ ልክ ስልሳ አይግዙ። ማሽኑ ሲያስተካክል የሚጥላቸው አሉ፤ ለቺፖች ጥቂት፣ ለትንንሾቹ ብዙ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ደግሞም የአከፋፋዮች ዋጋ ብዙ ጊዜ በ10፣ በ100 እና በ1,000 ደረጃ ስለሚወርድ መቶውን መግዛት ከስልሳው ብዙም የማይበልጥበት ጊዜ አለ። በአንድ ሳይቆራረጥ በተያያዘ ጭረት (ዕቃዎቹ ተደርድረው በታሸጉበት ጥብጣብ) እንዲልኩልዎት ይጠይቁ፤ በሦስት የተቆረጠ ጭረት በመጋቢው ላይ አይታሰርም፣ ወይም በእጅ እንዲቀጠል ይደረግና ክፍያ ይጨመርበታል። የእርጥበት ደረጃ ምልክት ያለባቸውን ከረጢቶችም እንዳይከፍቷቸው። ደረጃ 3 የሆነ ቺፕ ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ ከ30 ዲግሪና ከ60 በመቶ የአየር እርጥበት በማይበልጥ ክፍል የሚቆየው 168 ሰዓት ነው፤ ካለፈ ከመበየዱ በፊት በዝቅተኛ ሙቀት መድረቅ አለበት፤ አለዚያ የጠጣው እርጥበት በምድጃው ውስጥ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፓኬጁን ይሰነጥቀዋል።

ድንበር ተሻግሮ የሚመጣ ከሆነ ዕቃው በስንት ጥቅል እንደሚጓዝም ይቁጠሩ። በየአቅራቢው ለየብቻ የሚመጣ ጥቅል ለየብቻ ማጓጓዣና ለየብቻ ሰነድ አለው። ባዶ ቦርድ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መለያ በ8534፣ ቺፕ በ8542 ይመደባል፤ የተገጣጠመ ቦርድ ግን የሚመደበው እንደሚያገለግለው መሣሪያ ስለሆነ ቀረጡ ሊለይ ይችላል። ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ።


እርጥበት ለኪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ምሽት በሥዕሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሬዚስተሮቹ 13 ዓይነት የነበሩት 6 ሆኑ፤ ካፓሲተሮቹ ከ8 ወደ 4 ወረዱ፤ ሦስት ቀለም የነበራቸውን ኤልኢዲዎች አንድ ቀለም አደረግኳቸው፤ ሁለቱን የዳዮድ ዓይነቶችም አንድ። 41 የነበረው 27 ሆነ ማለት ነው። በቦርዱ ላይ ያሉት ኮምፖነንቶች ከ96 ወደ 101 ከፍ ብለዋል፤ ነገር ግን ከዚህ ቀደም ዋጋ የሰጠኝ አንዱ ገጣጣሚ አዲሱን ዝርዝር ሲያይ የዝግጅት ክፍያውን ወደ ግማሽ ገደማ አወረደው። ከኋላ ገጽ የነበሩት አራት ካፓሲተሮችም ወደ ፊት መጡ።

የቮልቴጅ ሰጪው ምሳሌ ደግሞ አስደንግጦኛል። የእኔም ቦርድ ያለው ኤችቲ7333 ነው፤ በላክሁት ዝርዝር ላይ የጻፍኩት ግን 3.3 ቮልት፣ ኤስኦቲ89 የሚል ብቻ ነበር።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ስልሳውን በአንድ ጊዜ ልዘዝ ወይስ መጀመሪያ ጥቂቱን?


መስመር ላይ የኖረ፦

ስልሳውንም ይዘዙ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሰሌዳ ከምድጃ እንደወጣ ሥራው እንዲቆምና የሁለቱም ገጾች ጥራት ያለው ፎቶ እንዲላክልዎት በውሉ ላይ ያስገቡ። አምስት ብቻ ለብቻቸው ቢያሠሩ የዝግጅት ክፍያውን ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ፎቶው ሲደርስዎት እያንዳንዱን ቺፕ የመጀመሪያ እግሩን፣ እያንዳንዱን ዳዮድ ካቶዱን እየተመለከቱ በሥዕሉ ላይ ምልክት ያድርጉ። ይህን ሳያደርጉ ቀጥሉ አይበሉ፤ ገጣጣሚው ጊዜ የለኝም ብሎ ቢቸኩል እንኳ እርስዎ አይቸኩሉ።

ሥዕሉ አሁን በእጅዎ ስለሆነም የፍተሻ ነጥቦች ይጨምሩበት። ለባትሪው፣ ለ3.3 ቮልቱ፣ ለመሬቱና ለፕሮግራም መጫኛው መስመሮች 1.5 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ፓዶች ከኋላ በኩል ያስቀምጡ፤ ኮምፖነንት ስላልሆኑ ዋጋ አይጨምሩም። ከዚያ በኋላ ስፕሪንግ ያላቸውን መርፌዎች በሌላ ባዶ ቦርድ ላይ በይደው ቦርዱን በላያቸው ሲጫኑት ቮልቴጁ ይለካል፣ ፕሮግራሙ ይጫናል፣ የማይክሮኮንትሮለሩም መለያ ቁጥር በዚያው ይነበባል። በ2 የሚጀምር ካለ ቦርዱ ገና ሲፈተሽ ይታያል።


እርጥበት ለኪ፦

የፍተሻ ነጥቦቹን ጨምሬአለሁ፤ ሰባት ሆነዋል። ማይክሮኮንትሮለሩንና የእርጥበት መለኪያውን ከአከፋፋይ ሰባ ሰባ አድርጌ በአንድ ያልተቆረጠ ጭረት አዝዣለሁ፤ የቀረውን ገጣጣሚው ከመጋዘኑ ያስገባል። የባትሪ መያዣውንና ማገናኛዎቹን ራሴ በእጄ እበይዳለሁ። በዝርዝሩ ላይ አዲሱን ዓምድ አስገብቼ ሰባት መስመሮች ላይ ያለ ፈቃድ አይተካም ብዬ ጽፌአለሁ፤ አይታጠብ የሚለውንም በቦርዱ ላይ ራሱ ከመለኪያው አጠገብ በነጭ ቀለም አስጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው ሰሌዳ ፎቶ ሲደርሰኝ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ከእኔ ሌላ ዓይን እንዲያየው እፈልጋለሁ።